ያርጋል ያያት መርፌ

ይመኙሻል ከውዳሴ ማርያም ስትመለስ ባሏ የሞተር ሙቀት የምትለካ የመኪና ቡልቦ በሽሮ ድስት ሲቀቅል አገኘችው። ነሐሴ አሥር ነው፤ የደባርቅ ጉም እስከ ማድቤቱ ደፍ ድረስ ገብቶ ቆሟል። ሰጠኝ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ የከሰል ምድጃውን በሁለት ጉልበቱ አቅፎ፣ በሽቦ የታሰረች የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ነሐስ ፈልቶ በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ አንጠልጥሏል። አጠገቡ ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየው የፊዚክስ መምህር ምሥጋናው፣ በቱታው ላይ ጋቢ ደርቦ ቁጢጥ ብሏል። ክረምቱን ወደ ሀገሩ አልሄደም፤ የቤተ ሙከራው ቁልፍም እሱ ዘንድ ነው። በአንድ እጁ ከትምህርት ቤት ያመጣውን ቴርሞሜትር፣ በሌላው ከመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከሙሌ የተዋሱትን መለኪያ ይዞ ቁጥር ይጠራል። ሁለቱም ቀና ብለው አላዩዋትም። ይመኙሻል ነጠላዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆመች።

«ድስቱ የጾም ነው» አለች።

«ናፍጣ አልነካውም። ቡልቦውን በሳሙና አጥቤዋለሁ» አለ ሰጠኝ።

«ዘጠና» አለ መምህሩ። «ዘጠና አንድ። ቆመ።»

«መቶ ሳይደርስ?» ሰጠኝ ቴርሞሜትሩን ተቀብሎ ወደ በሩ ብርሃን አዞረው። «ይኸም ይዋሻል ማለት ነው።»

«አይዋሽም፣ ጋሽ ሰጠኝ። ያለነው ከፍታ ላይ ነው። እዚህ ውሃ በዘጠና ይፈላል። አዲ አርቃይ ቢወርዱ ትንሽ ከፍ ይላል።»

«ባቄላዬ ግማሽ ቀን የሚፈጀው ለዚህ ነው ለካ» አለች ይመኙሻል፤ ለማንም አልነበረም የተናገረችው። «እኔ ከሰሉን ስረግም።»

መምህሩ ሳቀ። መለኪያው ላይ ያየውን ቁጥር በእጁ መዳፍ ላይ በእስክርቢቶ ጻፈ፣ ቡልቦዋን በቀዝቃዛ ውሃ ነከራት፣ እንደገና ለካ፣ እንደገና ጻፈ። «ሲሞቅ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ሲቀዘቅዝ ይወጣል። እንደ ሕጉ ነው። ቡልቦው ጤነኛ ነው፤ ተከሳሹ በነጻ ይሰናበት» አለ። ቀልዱን የሚቀበለው ሰው አጣ። ምሥጋናው ሰጠኝን አየ፣ ይመኙሻልን አየ፤ ጋቢውን ሰብስቦ ሻይ ጥጃለሁ ብሎ ወጣ።

በዚህ ቤት ከሐምሌ አሥራ ስድስት ወዲህ ስለ ተከሳሽ አይቀለድም። ያን ቀን የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ተራው የነሰጠኝ ነበር፤ አሥራ ሁለት ሰው ሳሎኑን ሞልቶ ተቀምጧል። ያርጋል የሰጠኝ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሰጠኝ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጠዋል፣ እሱው ነው ያሳደገው። ስድስት ዓመት የሰጠኝን አሮጌ ላንድክሩዘር ይዞ ሊማሊሞን እየወረደና እየወጣ ከደባርቅ አዲ አርቃይ ሰው ሲያመላልስ ኖሯል። ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ በየጉዞው ሦስት አራት ጊዜ መቆም ጀመረ። የሙቀቷ መርፌ ቀይ ገባች፣ ሞተሩ እስኪበርድ ቆምኩ ይላል። ተሳፋሪ አጉረመረመ። ሰጠኝ ራሱ ሦስት ጊዜ ነድቶ ወርዶ ወጣ፤ መርፌዋ ከመካከል ንቅንቅ አላለችም። በዚህ ላይ ፋንታዬ የምትባል ማኅበርተኛ፣ ያርጋልን ዛሪማ አጠገብ መኪናውን አቁሞ ከሰል ሲጭን አየሁት አለች። እናም ጽዋው ከመዞሩ በፊት ሰጠኝ ወንድሙን አስነሥቶ፣ «እየቆምክ ለራስህ የምትጭን እንዳልሆንክ በዚህች ጽዋ ማልልኝ» አለው። ያርጋል እንደቆመ ጽዋዋን አየ። «በመኪና መርፌ የእመቤቴን ስም አልጠራም» አለና ቁልፉን ከዳቦው አጠገብ አስቀምጦ ወጣ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢው አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነተኛ ከመሐላ አይሸሽም» አሉ። ነገሩ በዚያው ተፈረደ። ሳምንት ሳይሞላ ገበያው ሁሉ ያወራው ጀመር።

ትናንት ከሰዓት ግን ሊማሊሞ አናት ላይ፣ ጉም ውስጥ፣ መርፌዋ በራሱ በሰጠኝ ዓይን ፊት ቀስ እያለች ወጥታ ቀይ ገባች። ዳር ይዞ ቆመ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ በመዳፉ ራዲያተሩን ነካው። እጁን ማሳረፍ ይችል ነበር። ሞተሩ አልፈላም። ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አድሮ፣ ጎሕ ሲቀድ ቡልቦዋን ፈትቶ ወደ ማድቤት ይዟት የገባው ለዚህ ነው።

ይመኙሻል ድስቱን አንሥታ ውሃውን ደፋችው። በአመድ ፈተገችው፣ አጠበችው፣ እንደገና ፈተገችው። ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ «ሲሲ ደውላ ነበር» አለች። ሲሲ የሁለቱ ወንድማማቾች እኅት ናት፤ ዳባት ልብስ ትሰፋለች፤ ያርጋል ከዚህ ቤት ከወጣ ጀምሮ እሷ ዘንድ ነው። «የሰው አይሱዙ ይዞ ዛሬ በስድስት ሰዓት ወደ መተማ ይወጣል አለች። የዓመት ውል ፈርሟል። ብርድ ልብሱን በሰው እልክለታለሁ።»

«መቼ ነው የደወለችው?»

«ትናንት ማታ።»

«ማታውኑ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅከኝም» አለች።

ብርድ ልብሱን ሰጠኝ ራሱ ሊያወጣ ወደ ጓሮ ሄደ። የያርጋልን ክፍል ሃያ አራት ቀን አልረገጠውም። አልጋው ተነጥፏል፤ ይመኙሻል በየቀኑ የምትጠርገው ይመስላል፣ ወለሉ ላይ አንድ ገለባ የለም። በግድግዳው ላይ የእመቤታችን ሥዕል፣ ከሥዕሉ ሥር መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ጎንደር የተነሣው ፎቶግራፍ፣ ከፎቶግራፉ ጎን በሚስማር የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ አለ፤ የሐምሌ ቅጠል አልተገነጠለም። አልጋው ሥር ያገለገለ የዘይት ማጣሪያ፣ ሁለት የተላጨ ጎማ፣ በካርቶን የተጠቀለለ የፊት መብራት አምፖል ተቀምጧል። ያርጋል ትርፍ አምፖል ሳይዝ አይንቀሳቀስም ነበር። ሰጠኝ ይህን ሁልጊዜ እንደ ብክነት ነው የሚያየው፤ አንዱ አምፖል ሦስት መቶ ሃምሳ ብር ገብቷል። ብርድ ልብሱን አጣጥፎ በብብቱ ይዞ ወጣ። ደጁን መልሶ ሲዘጋ ማጠፊያው እንዳይጮህ ቀስ አለ፤ ውስጥ የተኛ ሰው ያለ ይመስል።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ሙሌ ዘንድ ደረሰ። የሙሌ ሱቅ መናኸሪያው አጠገብ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ በሯ ላይ አሮጌ ባትሪዎች እንደ ካብ ተደርድረዋል፤ ሦስት ባጃጅ ወረፋ ይዘው ሹፌሮቹ እርስ በርስ ይበሻሸቃሉ። ሰጠኝ የመለሰለትን መለኪያ ሙሌ ተቀብሎ አፍንጫው ዘንድ አደረሰው።

«ሽሮ ሽሮ ይላል።»

«ሥራህን ሥራ።»

«ጨው አበዛህበት ወይስ በልክ ነው?»

ባጃጆቹ ሳቁ። ሰጠኝ አልሳቀም፤ ሰዓቱን አየ። ሙሌ ይህን አይቶ ቀልዱን አቆመና ወረፋውን አዘልሎ ገባለት። ቡልቦዋን ቦታዋ መለሳት። ከእሷ የሚወጣውን ሽቦ ነቀለና ከኮፈኑ ሥር ጮኾ ጠየቀ፣ መርፌዋ ምን ትላለች። ሰጠኝ መሪው ዘንድ ተቀምጦ ወደቀች አለ። ሙሌ የሽቦውን ጫፍ ከሞተሩ ብረት አነካካው። አሁንስ? ቀይ ገባች። ሙሌ ቀና ብሎ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ሽቦው ጤነኛ፣ የመርፌዋ ጌጅ ጤነኛ፣ ቡልቦው ጤነኛ አለ። ሰጠኝ ሁሉም ጤነኛ ከሆነ ትናንት ምን ነካት ብሎ ጠየቀ፤ ድምፁ ከአሰበው በላይ ከፍ አለ። ልቡ ሁለት ቦታ ነው። አንድ ጊዜ ሁሉም ጤነኛ ከሆነ ወንድሜ ዋሽቷል ይላል፤ መልሶ ደግሞ እኔ ራሴ በዓይኔ አየሁ እኮ ይላል።

«ትናንት ስትወጣ ምን እያደረግህ ነበር?» አለ ሙሌ።

«ምን አደርጋለሁ፤ እየነዳሁ ነበር።»

«ጉም ነበር?»

«የገዛ እጅህን አታይም።»

«መብራት አብርተህ ነበር?»

«ትራፊኩ አስቁሞ አስበራኝ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«በቀን መብራት አላበራም። ባትሪ ይበላል።»

«እሱንማ ደባርቅ ሁሉ ያውቃል» አለ ሙሌ። «እስቲ አብራት።»

ሰጠኝ የመብራቱን ማብሪያ ሳበ። መርፌዋ መካከል ላይ ቆማ ነበር። አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠች፤ ከዚያ ሽማግሌ ከተቀመጠበት እንደሚነሣ ቀስ ብላ ተነሣች፣ ወጣች፣ ቀይ ገብታ ቆመች። ጎኗ ያለችው የናፍጣ መርፌም ከሩብ ተነሥታ ግማሽን አለፈች። ሙሌ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ አየ። «ይገርማል። መብራት ስታበራ ናፍጣም ይሞላልሃል። በዚህ ኑሮ የት ይገኛል» አለ። ከዚያ አስረዳው፦ ማሳ የሚሉት፣ ዳሽቦርዱን ከመኪናው ብረት የሚያገናኘው የመመለሻ ሽቦ ብሎኑ ዝጎ ላልቷል። መብራት ሲበራ በዚያ በኩል መመለስ ያቃተው ኤሌክትሪክ በመርፌዎቹ በኩል መንገድ ይፈልጋል፤ መርፌዎቹም ያልሆነውን ሆነ ይላሉ። ሞተሩ ግን ደኅና ነው። ብሎኗን ፈትቶ ዝገቷን መፋቅ ነው፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ሰጠኝ መብራቱን አጠፋ። መርፌዋ ወረደች። አበራ። ወጣች። አጠፋ። አበራ። ባጃጆቹ ያዩታል። ያርጋል ጎንደር በተማረው መሠረት ጉም ሲያይ ገና ከሩቅ መብራት ያበራል፤ ሰጠኝ ደግሞ ወንድሙን ሊፈትን ሦስት ጊዜ ሲወርድ ሦስቱንም ጊዜ ባትሪውን ሲቆጥብ ነበር። ልጁ ያየውን ነው የተናገረው። መርፌዋ ቀይ ገብታ አይቶ፣ አሥር ሰው ጭኖ፣ በዚያ ገደል አፋፍ ሞተሩ እንዳይነድ ቆመ። ሌላ ምን ማድረግ ነበረበት?

«በሰኔ መጥቶ ነበር» አለ ሙሌ፣ መፍቻ እየፈለገ። «መርፌዋ አስቸግራኛለች አለኝ። አንድ ቀን አሳድራትና ልፈትሻት ብለው፣ አያን ላስፈቅድ ብሎ ሄደ። አልተመለሰም።»

ሰጠኝ ያን ቀን ያስታውሳል። ሙሌ ሥራ ሲያጣ ሥራ ይፈጥራል፣ ተወው ነበር ያለው፤ እራት እየበሉ ነበር፣ ያርጋልም ቀና ሳይል እሺ አያ ብሎ ጉርሻውን ዋጠ።

ሙሌ መፍቻውን አግኝቶ ወደ ዳሽቦርዱ ሲያጎነብስ ሰጠኝ እጁን ያዘው። «ተው። አትንካት።»

«እንዴት አትንካት?»

«እንዲሁ ትቆይ። ወደ መተማ ሳይወጣ ለአንድ ሰው ላሳየው ነው።»

ሙሌ ሊስቅ ከንፈሩን አንቀሳቀሰና ተወው። «በስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?» አለ።

«በስድስት።»

«እንግዲያ ምን ትጠብቃለህ።»

ባዶውን ሊሄድ ፈልጎ ነበር፤ መናኸሪያው ደጃፍ ላይ ግን ሰዎቹ መኪናዋን ሲያዩ ዳባት ነው፣ ዳባት ነው እያሉ በር ከፍተው ገቡ፤ አስወርዶ መጨቃጨቁ ከመጫኑ የባሰ ጊዜ ይፈጃል። ሰባት ሰው ሆኑ። ጋቢና ከጎኑ ስልክ ከእጁ የማይለይ የእህል ነጋዴ ተቀመጠ፤ ከኋላ ዶሮ የታቀፈች ሴት፣ ከዳባት ወደ ኮሶዬ የሚቀጥሉ አንድ ቄስ፣ ሌሎችም። የወሬው ርእስ ናፍጣ ነበር፤ በጥቁር ገበያ ሊትሩ ስንት ገባ፣ መንገዱ እስከ መቼ ክፍት ይቆያል፣ የዘንድሮ ድንች በሽታ መታው ወይስ አልመታው። ሰጠኝ አልሰማም። አራት ሰዓት ከሩብ፣ አራት ሰዓት ተኩል። አህያ የሚነዱ ሰዎች መንገዱን ሞልተው ሲያዘግሙ ጥሩምባውን ሲያስጮኸው፣ ምን ያጣድፈዋል ይኸ ሰው አለ ከኋላ አንዱ።

ወቅን አጠገብ ጉሙ ወረደ። ቀስ በቀስ አልደረሰም፣ ግድግዳ ሆኖ ነው የመጣው። ሰጠኝ እንደ ልማዱ ሁለት መቶ ሜትር ያህል መብራት ሳያበራ ነዳ፤ ከፊቱ የጭነት መኪና ድንገት ብቅ ሲልበት እጁ ማብሪያውን ሳበ። መርፌዋ መነሣት ጀመረች። ነጋዴው ከስልኩ ቀና አለ።

«ሹፌር፣ መኪናህ ፈላች።»

«አልፈላችም።»

«ቀይ ገባች እኮ።»

«መርፌዋ ነች። መብራት ሲበራ ትወጣለች።»

«መብራት ከሞተር ምን ያገናኘዋል?» አለ ነጋዴው፣ ወደ ኋላ ዞሮ ምስክር እየፈለገ። ከኋላ ሹክሹክታ ተነሣ። ጎንደር መንገድ ላይ ስለተቃጠለች ሚኒባስ አንዱ መተረክ ጀመረ። ዶሮዋን የያዘችው ሴት አንገቷን አሰገገች። «የፊተኛው ልጅ ይሻል ነበር» አለች። «ያ ቀጭኑ። እሱ እንዲህ ስትሆን ይቆም ነበር።»

ሰጠኝ መሪውን ጨብጦ ሰዓቱን አየ። አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። ዝም ብሎ ቢነዳ በአምስት ተኩል ዳባት ነው።

«ሹፌር፣ አውርደን» አለ ሌላው። «ብራችንን መልስና አውርደን።»

ቆመ። ወረደ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ሁሉም ወርደው በጉሙ ውስጥ ከበቡት። እዩ፣ ንኩት፣ ትኩስ እንኳ አይደለም አለ። የሚነካ አልተገኘም። መብራቱን አጥፍቶ መርፌዋ ስትወርድ ለነጋዴው አሳየው፤ ነጋዴው ይልቁን ባሰበት፣ በማብሪያና በማጥፊያ የሚቀዘቅዝ ሞተር አይቼ አላውቅም፣ ይኸ አንድ ተንኮል አለው አለ። ሰጠኝ ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ ፊት ተመለከተ። የሚናገረው ሁሉ እውነት ነበር፤ ባብራራው ቁጥር ግን ውሸት ውሸት ይመስል ነበር።

«እሺ፣ ማልልን» አለች ሴትዮዋ። «እንዳልፈላች በፍልሰታዋ እመቤት ማልልንና እንሳፈር።»

ሰጠኝ አፉን ከፈተ። አንድ ቃል ነበር የሚቀረው፤ ቃሉን ቢያወጣው ከስድስት ሰዓት በፊት ይደርሳል። የሚምለውም በእውነት ነው። ግን ያርጋል ያለው ትዝ አለው። በመኪና መርፌ። ቆሞ የነበረው የልጁ ፊት፣ አሥራ ሁለቱ ሰዎች፣ መሐል ላይ የተከደነችው ጽዋ መጣበት።

«አልምልም» አለ። «በእሷ ስም አልምልም። ንኩት።»

ነጋዴው ታዲያ አየሽ እንደማለት ሴትዮዋን አያት። ያኔ ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው ቀኝ እጃቸውን ራዲያተሩ ላይ አሳረፉ፤ ቶሎም አላነሡትም። «ለብ ያለ ነው» አሉ። «የልጅ ገላ የሚታጠብበት ያህል ነው። ግቡ እንግዲህ፣ ብርዱ ሳይጨርሰን።» አንድ ሁለት ሰው ደግሞ ነካ። ተሳፈሩ። ይህ ሁሉ ሃያ ደቂቃ ፈጀ።

ዳባት ሲደርስ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። አይሱዙው የሲሲ ስፌት ቤት ፊት ለፊት ቆሟል፣ የድንች ጆንያ እስከ አፉ ተጭኖበታል፤ ያርጋል ከላይ ሆኖ የሸራውን ገመድ ያጠብቃል። ሰጠኝ ሰዎቹን አራግፎ ላንድክሩዘሯን ከአይሱዙው ፊት አቆማት። ሞተሩን አላጠፋም፣ መብራቱንም አላጠፋም። ሲሲ ከሱቋ ሜትር በአንገቷ እንዳደረገች ወጣች፤ ብርድ ልብሱን ስታይ ከእጁ ተቀበለችው። ሁለቱንም አየች፤ የምትሰፋው ልብስ እንዳላት ትዝ ያላት መስላ ተመለሰች፤ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ግን ከዚያ በኋላ አልተሰማም።

ያርጋል ገመዱን ቋጥሮ ሲጨርስ ነው የወረደው። ከስቷል። ፂሙን አልተላጨም። አንድ ክንድ ርቆ ቆመ።

«ደኅና ዋሉ» አለ። ዕድሜውን ሙሉ አያ፣ አንተ ሲለው የኖረ ልጅ ነው።

«ና፣ አንድ ነገር ላሳይህ» አለ ሰጠኝ። «መርፌዋን። ሙሌ አገኛት። ማሳው ላልቶ ነው፤ መብራት ሲበራ ትወጣለች፣ ሲጠፋ ትወርዳለች። ሞተሩ ምንም አልሆነም። እንድታያት ብዬ ሳላሠራት አመጣኋት።»

ያርጋል ወደ ላንድክሩዘሯ አየ። በቀን የበራውን መብራት አየ። «መብራቱ ነው?» አለ ቀስ ብሎ፤ ፊቱ ላይ የሙያተኛ ጉጉት ለቅጽበት መጣ፣ እግሩም አንድ እርምጃ ሊነሣ ነበር። ከዚያ ቆመ።

«እኔማ አይቻታለሁ» አለ። «ክረምቱን ሙሉ ሳያት ነው የከረምኩት። ለእኔ ምን ያሳዩኛል? ላላዩት ያሳዩ።»

«በአሥራ ስድስት ማኅበሩ ፊት ቆሜ እናገራለሁ። አንተም ትኖራለህ።»

«ስድስት ቀን አለ» አለ ያርጋል። «ስድስት ቀን ሌባ ሆኜ ልሰንብት?»

አትሂድ ሊል አስቦ ነበር የመጣው፤ ከቤቱ እስከዚህ ድረስ ቃሉን ሲያዘጋጅ ነበር። አፉ የተናገረው ግን ሌላ ሆነ። «ብርድ ልብስህን አምጥቻለሁ» አለ።

«መተማ ሙቀት ነው።»

«መንገዱ ይበርዳል።»

ያርጋል ጎንበስ ብሎ የፊቱን ጎማ በቡጢው መታ፣ ዞሮ የኋላውን መታ፣ ወደ በሩ ተመለሰ። እጀታውን ይዞ ጀርባውን እንደሰጠ ተናገረ። «ዛሪማ ላይ የጫንኩት አንድ ጆንያ ከሰል ነው። እታለም ይመኙሻል አምጣልኝ ብላኝ ነው። ክረምቱን የሞቃችሁት እሱን ነው» አለ። በድምፁ ቁጣ አልነበረም፤ የረሳው ዕቃ እንዳለ የሚያስታውስ ሰው ነው የሚመስለው። ሲሲ ሮጣ ብርድ ልብሱን ከወንበሩ ኋላ ጣለችለት። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ሞተሩን አስነሣ፣ እስኪሞቅ ጠበቀ፣ ወደ ግራ ምልክት አሳየ፣ ወደ ጎንደር አቅጣጫ ወጣ። ሰጠኝ የአይሱዙው የኋላ ሸራ ከመታጠፊያው እስኪሰወር ቆመ። ሲሲ ምሳ አላለችውም፤ ጾም ነው፣ ሰዓቱም አልደረሰ። «ደርሼበት ቢሆን...» ብሎ ጀመረ። «ደርሰህበታል እኮ» አለችው።

ሲመለስ ማንንም አልጫነም። ዳባት ደጃፍ ላይ ሰዎች እጃቸውን ቢዘረጉም ባዶ መኪና ይዞ አለፋቸው፤ ይህን አድርጎ አያውቅም። ጉሙ ተገልጦ ፀሐይ ወጥታለች፤ ጤፉና ገብሱ ታጥቦ አብረቅርቋል። የሚያጋጥሙት ሹፌሮች ሁሉ መብራትህን አጥፋ እያሉ እጃቸውን ጨበጥ ዘርጋ ያደርጉለታል። አላጠፋም። መርፌዋ ቀይ ላይ ተጣብቃ፣ ሞተሩ በሰላም እየዘመረ፣ ደባርቅ ድረስ ገባ። ወደ ቤቱ የሚወስደውን መታጠፊያ አለፈና በሃብተ ጊዮርጊስ ግቢ በር ላይ ቆመ።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው፤ የቅዳሴው ደወል ተደውሏል። ሽማግሌው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ሲወጡ አገኙት። «ምነው ሰጠኝ፣ በዚህ ፀሐይ መብራት አብርተህ?» አሉ።

«ይግቡልኝ፣ ጋሼ። ሁለት ደቂቃ ነው።»

«ቅዳሴ ሊገባ ነው እኮ።»

«ሁለት ደቂቃ።»

ፊቱን አይተው ገቡ። ሰጠኝ የነገሩን መነሻ አልተረከም። መርፌዋን በጣቱ አሳያቸው፤ መብራቱን አጠፋ፣ አበራ፣ አጠፋ፣ አበራ። ማሳውን ሙሌ እንደነገረው ነገራቸው። ራሱ የፈተናቸው ሦስት ቀኖች መብራት እንዳላበራ ነገራቸው። ከሰሉ የይመኙሻል እንደነበር ነገራቸው። ሃብተ ጊዮርጊስ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወደ መርፌዋ ተጠጉ።

«እኔ ከመኪና ምን አውቃለሁ» አሉ።

«እኔም አላወቅኩም።»

ሽማግሌው ወደ መቀመጫው ተመለሱ። በመንገዱ ላይ ነጭ የለበሱ ሰዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን ያልፋሉ፤ እጅ ይነሣሉ፣ እሳቸው አላዩም። «እውነተኛ ከመሐላ አይሸሽም ያልኩ እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ።

«ማል ያልኩት እኔ ነኝ።»

«በአሥራ ስድስት ለሁሉም...»

«ስድስት ቀን አለ፣ ጋሼ» አለ ሰጠኝ። «እስከዚያ ስሙ እንደዚያው ነው። በየቤቱ ልዞር ነው። ከእርስዎ ጀመርኩ።»

ሃብተ ጊዮርጊስ አገጫቸውን በመቋሚያው ላይ አስደገፉ። ከዚያ ለያርጋል እንዲደውልላቸው ጠየቁ፤ እኔው በአፌ ልንገረው አሉ። ሰጠኝ ደወለና ስልኩን ሰጣቸው። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። ስልኩን መለሱለት።

«አኩርፏል» አሉ።

«አይደለም» አለ ሰጠኝ። «እየነዳ ስልክ አያነሣም። ሲቆም ያየዋል።»

ሽማግሌው ዞረው አዩት። ከዚያ እግራቸውን ሰብስበው የመኪናዋን በር ከውስጥ ሳቡት፤ አልገጠመም፣ ሁለተኛ ሳቡት።

«ፋንታዬ ከቤቷ ሳትወጣ እንድረስባት» አሉ።